ሁለቱ አረሞችና አንዱ ኃላፊ

የደረቁ ዕፅዋት ክፍል ባልደረቦቿ «እሾህ ቆጣሪዋ» ይሏታል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የደረቀ አረም ወረቀት ላይ ስትለጥፍ የኖረች ሴት ናት። ስሙን ያወጣላት ኃላፊዋ ነው። እሷም «እሱ እንኳን እሾህ ሊቆጥር፣ ጽጌረዳን ከጎመን የሚለየው ሲቀቀል ነው» ትላለች።

አንድ ቀን ይኸው ኃላፊ ለከብት አርቢዎች የሚታደል መጽሐፍ ጽፎ አመጣ። የሱፍ አበባ ወገን የሆኑ ሁለት እህትማማች አረሞችን አንድ አድርጎ «ደርቀው እስኪቆሙ ጠብቃችሁ እጨዱ» ይላል።

«እነዚህ እኮ ሁለት ናቸው» አለችው። «ይቺን ይዩ፤ ከአበባዋ ሥር የተደራረበው ቅርፊት ጫፉ ቀለም የነካው ይመስል ጥቁር ነው። ሥሯ ጠልቆ ዓመታት ይኖራል፤ ብትደርቅም ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም። የዚያችኛዋ ቅርፊት ጫፍ ግን እሾህ ነው። ስትደርቅ ከግርጌዋ ትቀነጠስና ነፋስ እያንከባለለ ዘሯን ይበትነዋል።»

«አረም አረም ነው» አለ ቀና እንኳ ሳይል።

«ወይ ሊቅ!» ብላ በልቧ ወጣች።

ይበልጥ ያንገበገባት ግን ከብት አርቢው ታላቅ ወንድሟ ነው። ግጦሹን እሾሃሟ አረም ወርራበታለች።

«ጋሼ፣ ሳታፈራ አሁኑኑ ንቀላት» አለችው።

«አንቺ ከምሁር ልትበልጪ ነው? ይኸው ታትሟል!» አለ የታደለውን መጽሐፍ እያሳያት።

«የሳሙና ካርቶንም ይታተማል።»

አልሰማትም፤ ጠበቀ። አረሟ ደረቀች፤ እሱ ማጭዱን ሳይስል ሦስት ቀን ነፋስ ነፈሰ። አረሟ እንደ ኳስ እየተንከባለለች የጎረቤት ግጦሽ ገባች። በዓመቱ እዚያም በቀለች፤ ጎረቤትየው ሰላምታ ነሳው።

«እህት ዓለም፣ ምን ይሻለኛል?» ብሎ ደወለ።

«ምሁሩን ጠይቀው!» አለችና ዘጋችበት። ቢሆንም አንጀቷ አልቻለም፤ ቅዳሜና እሑድ ሄዳ አብራው ስትነቅል ዋለች። ወገቧ ተቆረጠ፣ ምላሷ ግን አንዴም አላረፈም።

ቅሬታው ሲበዛ መጽሐፉ እንደገና ታተመ። ኃላፊው የሷን ቃል እንዳለ ገልብጦ «ከረጅም ዓመታት ምርምሬ» ብሎበታል። ገለጠችው፤ የሁለቱ አረሞች ሥዕል ተቀያይሯል! ሳቋ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ተሰማ።

አርቢዎቹ ምን በወጣቸው ብላ፣ ከመታደሉ በፊት ቅጂዎቹን አንድ በአንድ በእስክሪብቶ አረመች። ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ግን አልነካችም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ያንኑ ገልጦ ያስረዳል።