ብጉሬና ባለቋጠሮው ክር

የመተማ ፀሐይ ድንጋይ ላይ እንቁላል ትጠብሳለች ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ውሸት ነው። እኛ ዘንድ ዶሮዋ የምትጥለው ቀድሞ የበሰለውን ነው። እንዲህ ባለ አገር፣ በደርግ ጊዜ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ፊቴ ብጉር አበቀለ። አበቀለ ስል አንድ ሁለት ማለቴ አይደለም። የአባቴ ሰሊጥ እንደዚያ ቢበቅልለት ኖሮ ትራክተር ይገዛ ነበር። አገጬ ላይ የወጣችውንማ ከድንበር ማዶ ጋላባት ቆመው ያዩ ሱዳኖች አዲስ የድንበር ምልክት መስላቸው ነበር ይባላል። ይባላል ያልኩት እኔው ነኝ።

ብጉሩን ብቻውን እችለው ነበር። ችግሩ ዘፋኝ መሆኔ ነው። በቀበሌያችን የኪነት ቡድን ውስጥ በድምፅ የሚስተካከለኝ አልነበረም፤ ይህን እንኳ ሳላጋንን ነው። ሰሊጡ ታጭዶ ሲያበቃ፣ በጥር የመጀመሪያ ሳምንት፣ ቡድናችን ደጋ ወጥቶ በአውራጃው ከተማ ሊወዳደር ቀጠሮ ተይዞለታል። ከቆላ ወጥቼ የማላውቀው እኔ መድረክ ላይ ቆሜ ልዘፍን ነው። ይህን እያለምኩ ሳለሁ በመስከረም አንድ ቀን የቡድኑ መሪ ከልምምድ በኋላ አስቀረኝ። ካኪ የማይለየው ደግ ሰው ነበር፤ ሲናገር ግን ሁልጊዜ ሪፖርት የሚያነብ ይመስላል።

«ጓዲት» አለኝ፣ «ድምፅሽ አብዮታዊ ነው። ፊትሽ ግን ገና አልተደራጀም።»

«ታዲያ ምን ላድርገው ጓድ?»

«እስከ ጥር ካልጠራ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነሽ ትዘፍኛለሽ። ከፊት ያቺ ረጅሟ ልጅ ቆማ አፏን ታንቀሳቅሳለች።»

ረጅሟ ልጅ መልኳ የጨረቃ፣ ድምፅዋ የውሃ ፓምፕ ነበር። የእኔ ዘፈን በእሷ አፍ ሲወጣ ታየኝና ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ከበሮ መቺያችን ደግሞ በበኩሉ «ባል አምሯት ነው፤ ይዳሯትና ይለቃታል» ብሎ ምርመራውን ደመደመ። እኛ ጋ ብጉር ያወጣ ሁሉ የሆነ ሰው ተመኝቶ ነው ይባላል። እንደዚያ ከሆነ የእኔ ፊት አንድ ሻለቃ ጦር ሳይመኝ አልቀረም።

ከቤታችን ሦስተኛው ግቢ ውስጥ ሃያ ዓመት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ የኖሩ ሴትዮ ነበሩ። እዚያ ለአንድ ሕንድ ነጋዴ ቤት ምግብ ሲያበስሉ ከነጋዴው ሚስት የአገሯን መድኃኒት ሁሉ እያዩ ተምረው መጥተዋል። ሰፈሩ «የገዳሪፏ» ይላቸዋል። እናቴ ከድንበር ማዶ ሰንብቶ የመጣን ሰው ሁሉ በጎሪጥ ስለምታይ ተደብቄ ሄድኩ።

አገጬን ይዘው ወደ ብርሃን አዞሩት። ምላሴን አውጪ አሉኝ፣ አወጣሁ።

«ኸላስ፣ በቃ፣ ገብቶኛል» አሉ። «ሕንዷ እመቤቴ እንደምትለው ሰው የቆመው በሦስት ነገር ነው፤ በነፋስ፣ በእሳትና በውሃ። ያንቺ እሳቱ በዝቷል።»

ያን ጊዜ ነገር ሁሉ በሦስት ነበር። በውይይት ክበብ ፊውዳሊዝም፣ ኢምፔሪያሊዝምና ቢሮክራሲያዊ ካፒታሊዝም የሚባሉ ሦስት ጠላቶች ስናጠና ስለከረምን ሌላ ሦስት ሲጨመርብኝ አልደነቀኝም።

«እትዬ፣ መተማ ተቀምጦ እሳቱ ያልበዛበት ማን አለ?»

«ምላስሽን ሰብስቢና አድምጪ።»

አደመጥኩ። በርበሬ የለም። የኮመጠጠ ነገር የለም። ሰሊጥ የለም፤ ተቆልቶም፣ ተወቅጦም፣ በስኳርም። ጠዋት በባዶ ሆድ ድንብላል ያደረበት ውሃ እጠጣለሁ። ምሳዬ በእርድ ብቻ የተቀቀለ ማሾ ነው። ፊቴን ኒም ቅጠል በተፈላበት ውሃ እታጠባለሁ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሰንደል እንጨት ዱቄትና እርድ በወተት ለውሼ እቀባና ሳይደርቅ አጥበዋለሁ። ቀትር ላይ ከጥላ አልወጣም፤ ዶሮ ሲሰፍር እተኛለሁ፤ ብጉሩን አልነካካም፤ አልናደድም። «በተለይ አትናደጂ» አሉኝ፤ «ንዴት እሳት ላይ ላምባ ማርከፍከፍ ነው።» የቀበሌ ስብሰባም ይከለክሉኛል ብዬ በጉጉት ጠብቄ ነበር። አልከለከሉኝም።

በመጨረሻ ረጅም ነጭ የጥጥ ክር ሰጡኝ።

«በየቀኑ አንድ ጣት ለኪ። አዲስ ብጉር በወጣ ቀን አንድ ቋጠሮ፣ አበባሽ በመጣ ቀን ድርብ ቋጠሮ። እሳቱ መቼ እንደሚነሳብሽ ሳታውቂ አታበርጂውም።»

ዛሬ ሴት ልጄ የምትሄድበት ፋርማሲ ይህንኑ ነገር ሆርሞን ይለዋል። ስሙ ያምራል፤ እኔ ግን ከእሳቱ ጋር ነው የተላመድኩት።

ለእናቴ አልነገርኳትም። በዚያ ዘመን ቤታችን ውስጥ በሹክሹክታ እንኳ የማይነሱ ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ አንደኛው ፖለቲካ ነው። ስለዚህ ወጥ በቀረበ ቁጥር «ሆዴን አሞኛል» እላለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ሆዴን አመመኝ። በሰሊጥ አገር፣ ያውም በአጨዳ ወራት፣ ያውም የነቢያት ጾም ገብቶ ሰሊጥ ፍትፍት በየቀኑ ሲቀርብ፣ እኔ ማሾዬን ይዤ ጥግ እቀመጣለሁ። አባቴ «ይህች ልጅ ያላት ሆድ ነው ፍርድ ቤት? ጉዳዩ አያልቅም» አለ። አንድ ቀን እርዱን ሳላጥበው እንቅልፍ ጥሎኝ፣ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስወጣ ጎረቤቱ ሁሉ የወፍ በሽታ ይዟታል ብሎ መንገዱን ለቀቀልኝ። ያን ቀን ቀድሜ ቀዳሁ።

ኅዳር ሲጋመስ ጉንጬ ጠራ። ግንባሬም ተከተለ። አገጬ ግን በርዶ በርዶ ድንገት ይነሳል። ክሬን ይዤ ወደ ገዳሪፏ እትዬ ሄድኩ። በጣታቸው ለኩት። ነጠላው ቋጠሮ ሁልጊዜ ከድርቡ አምስት ጣት ቀድሞ ነው የሚመጣው።

«አየሽ፣ እሳትሽ ቀጠሮ አክባሪ ነው» አሉ። «ከመምጣቱ ሳምንት ቀድመሽ ጠበቅ አድርጊው። ድንብላሉን ጨምሪ፣ እንቅልፉን ጨምሪ።»

በክሬ ቆጠራ የደጋው ጉዞ ፊቴ በሚጠራበት ሰሞን ነበር የሚውለው። ደስ ብሎኝ እያንጎራጎርኩ ወደ ቤት ገባሁ፤ ጥንቃቄውንም ላላ አደረግሁት።

ታኅሣሥ እንደገባ እናቴ ፍራሼን ለፀሐይ ልታወጣ ስታነሳ ክሩን አገኘችው። በአገራችን ከልጃገረድ ፍራሽ ሥር የተገኘ ባለቋጠሮ ክር ትርጉሙ አንድ ነው። ከማድጋው ውሃ ስቀዳ ጠራችኝ። ክሩን በሁለት ጣቷ እንደ እባብ ጅራት አንጠልጥላ በረንዳው ላይ ቆማለች።

«ማን ነው ይህን የሰጠሽ?»

«የገዳሪፏ እትዬ።»

«እኔስ ብዬ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ የእጄ እህል የማይዋጥልሽ ለካ አስደግማብሽ ነው።»

ተቀመጠችና የመጀመሪያውን ቋጠሮ በጥርሷ ትፈታ ጀመር። በስመ አብ ትላለች፣ ትፈታለች፤ ወወልድ ትላለች፣ ትፈታለች።

«ከነገ ጀምሮ ሰባት ቀን ጸበል ትጠመቂያለሽ» አለች በጥርሶቿ መሃል። «ደጋ መውጣት የሚባል ነገርም የለም። ድግምት ያለባት ልጅ መንገድ አትሄድም።»

እውነቱን ካልተናገርኩ ጉዞው ቀረ፤ ከመጋረጃው ጀርባ እንኳ መቆም አይኖርም። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ልጅ ለእናቷ የማትለውን ማለት አለብኝ። ሦስተኛው ቋጠሮ ላይ ደረሰች።

«እማ፣ አትፍቺው» አልኩ። «የወር አበባዬ ነው።»

እጇ ቆመ። ግራና ቀኝ ግቢውን አየች። ከአንዲት ዶሮ በቀር ማንም የለም።

«ቀስ ብለሽ ተናገሪ» አለችኝ፤ የተናገርኩት በሹክሹክታ ነበር።

ሁሉንም ነገርኳት፤ የመሪውን ቃል፣ መጋረጃውን፣ ረጅሟን ልጅ፣ እሳቱን፣ ድንብላሉን፣ ክሩ ላይ በቀን አንድ ጣት መለካቱን። ሳታቋርጠኝ ሰማች። ሁለት የጭነት መኪና ከነአቧራው አለፈ። ከዚያ የቀረውን ክር ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በጣቷ ትለካው ጀመር።

«ተሳስተሻል» አለች።

«ምኑን?»

«በጥቅምት አቡነ አረጋዊ ከቅጽሩ ውጭ ቆመሽ ነው ያስቀደስሽ። በኅዳር ሚካኤልም ከውጭ ነበርሽ። በዚህ ክር ከሆነ ግን የኅዳሩ የመጣብሽ ከሚካኤል ሳምንት ቆይቶ ነው።»

እውነቷን ነው። ያን ሰሞን ማሳ ሰንብቼ ስመለስ ያለፉትን ቀናት ክሩ ላይ በግምት ነበር የለካሁት። እናቴ ክር አልያዘችም፤ በታቦት ነበር የምትቆጥረኝ፣ አንድም ቀን ሳትናገር።

«ታውቂ ነበር?»

«ምን ነካሽ? የወለድኩሽ እኔ አይደለሁ?» የራሷን አገጭ በጣቷ ነካ አደረገች። «እኔንም የሚያወጣኝ እዚሁ ላይ ነበር። የሠርጌ ዕለት በነጠላ ሸፍነውኝ ዋልኩ። ምን እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም።»

ከዚያ በጣቶቿ ወደፊት ቆጠረች። በእሷ ቆጠራ ጉዞው የሚውለው እሳቱ በሚነሳበት ሰሞን ነው። ተያየን።

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምረሽ አጥብቂው» አለች።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የገዳሪፏ ግቢ ገብታ እስኪመሽ አልወጣችም። ምን እንዳወሩ አልነገረችኝም፤ የኒም ቅጠል ታቅፋ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ማሾዬ ለብቻው በትንሽ ድስት ይጣዳል። አባቴ ሲጠይቅ ቀድማኝ «ሆዷን ነው» ትለዋለች። ዶሮ ሲሰፍር አምፖል እንደሚያጠፋ ዘበኛ መጥታ አስተኝታኝ ትሄዳለች፤ አምፖል ግን አልነበረንም።

በጥር በጭነት መኪና ደጋ ወጣን። ብርዱ ለጉድ ነው፤ አፋችንን ስንከፍት የሚወጣው ጭስ አንድ ባቡር ያንቀሳቅሳል። መድረኩ ሥር መሪያችን ፊቴን በሁለት እጁ ይዞ መረመረው። ጉንጭ ንጹሕ፣ ግንባር ንጹሕ። አገጬ ላይ አንዲት ብጉር ቀይ ሆና ተቀምጣለች።

«አንድ ቀርታለች» አለ።

«ጓድ፣ እሷ በታዛቢነት ነው የመጣችው።»

አልሳቀም። ወደ ረጅሟ ልጅ ዞረ። ልጅቱ ከብርዱ ይሁን ከፍርሃቱ ስትንቀጠቀጥ አፏን ለማንቀሳቀስ ልምምድ አያስፈልጋትም ነበር።

«እባክህ ጓድ፣ እሷው ትውጣ» አለችው።

ወደ እኔ ዞረ። «ውጪ» አለኝ።

ወጣሁ። የበቆሎ ራስ የሚያህል ማይክሮፎን አፌ ላይ ደቀኑልኝ። አገጬን፣ ብጉሬን፣ ግማሽ ጉንጬን ሸፈነው። ሦስት ወር ሙሉ ሰሊጥ የከለከልኩት ፊት ከአፍንጫ በላይ ብቻ ነበር የሚታየው። የሆነ ሆኖ ዘፈንኩ፤ ድምፄ በራሴ አፍ ወጣ።

ስመለስ እናቴ ገና ከመኪናው ሳልወርድ ጠየቀችኝ።

«ከፊት ነበርሽ?»

«ከፊት።»

«አገጭሽንስ አዩት?»

«ማይክሮፎኑ ሸፈነው።»

ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከለችልኝ።

«ይሁን» አለች። «ዓይንሽን አይተውታል።»