ያልተነካ ፎቶ

ፎቶ አንሺው በሰው ፊት ላይ እንከን አይቶ ማለፍ አይሆንለትም። ዕድሜውን የፈጀው በዚሁ ነው፤ በፊልሙ ዘመን በቀጭን ብሩሽ፣ ኋላ ደግሞ በኮምፒውተር፣ የሰውን ብጉር ሲያጠፋ፣ ጠባሳ ሲሸፍን ኖሯል። ለመታወቂያ የመጣ ሁሉ ከሱቁ ሲወጣ ከገባው ሰው ትንሽ አማር ይላል። «ሚስቴ ፎቶዬን አይታ ‹ማነው ይሄ ደግሞ?› አለችኝ» እያለ ጎረቤቱ ሥጋ ሻጩ ይቀልድበታል።

አንዲት ልጅ አለችው። እናቷ በሕፃንነቷ ስለሞተች ያሳደጋት ብቻውን ነው። ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ከግራ ዓይኗ ሥር እስከ አገጯ የሚደርስ፣ የወይን ጠጅ ቀለም ያለው ምልክት ነበራት። የሚያውቋት ማርያም የሳመቻት ናት ይላሉ፤ የማያውቋት ደግሞ ማን መታሽ ይሏታል። የሕፃናት አስተማሪ ከሆነች ወዲህ ተማሪዎቿ ፊት ለፊት ይጠይቋታል፣ ወላጆቻቸው ግን አይተው ዝም ይላሉ። የከበዳት የወላጆቹ ዝምታ ነው። ለመታከም ቆረጠች።

የቆዳ ሐኪሟ ያለችው ሌላ ከተማ ነው። የመጀመሪያውን የሌዘር ጨረር ሕክምና ከሠራችላት በኋላ ነገሩን ለአባትና ለልጅ አስረዳች። ምልክቱ ቆዳ ሥር ያበጡ ጥቃቅን የደም ሥሮች ናቸው። ሌዘሩ ያቃጥላቸዋል፤ ሰውነት ግን እልኸኛ ነው፣ መልሶ ያበቅላቸዋል። እንዳያበቅል ማታ ማታ የሚቀባ ቅባት አዘዘችላት።

«አንዱ ያለ አንዱ ብዙ አይራመድም» አለች። «በየመሀሉ ፎቶ ላኩልኝ፤ እሱን አይቼ ነው የምወስነው።»

«ለፎቶው እንኳ አያስቡ፣ ዶክተር» አለ አባት ደረቱን ነፍቶ።

ልጅቷ ቅባቱን አንድም ማታ አላጓደለችም። ፎቶ መላኪያው ሲደርስ ሱቁ ውስጥ በርጩማው ላይ ትቀመጣለች፤ አባቷ ያነሳትና ለሐኪሟ ይልካል። ከመላኩ በፊት ግን እጁ አያስችለውም። መጀመሪያ ብርሃኑን፣ ከዚያ ቀለሙን፣ ከዚያ ደግሞ ቅላቱን ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ። ክፋት አልነበረውም። የሰው ፊት እንዳለ ሆኖ ከእጁ ወጥቶ አያውቅም።

ከሐኪሟ መልስ መጣ። «በጣም ደስ ይላል! ቅባቱን አቁሚ፣ የሌዘሩንም ቀጠሮ እናራዝመው» ይላል። ልጅቷ መስታወት ፊት ቆማ ግራ ገባት፤ ሐኪሟ ካለች ብላ ግን አቆመች። አባትንም ነገሩ ከንከን አድርጎት ነበር። ዋጥ አደረገው።

በቀጠሮዋ ቀን ሲቀርቡ ምልክቱ ተመልሶ ጠቁሯል። ሐኪሟ ስልኳን ከልጅቷ ጉንጭ አጠገብ ያዘች። አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ጉንጩን አየች።

«ይሄን ማነው ያነሳው?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች።

«እኔ ነኝ» አለ አባት። «የነካካሁትም እኔው ነኝ።»

ሐኪሟ ተቆጣች፤ መቆጣትም ይገባታል። የልጅቷ ድካም ሁሉ መና ቀርቷል። ሌዘሩም ቅባቱም እንደገና ሊጀመር ነው፣ አሁን ደግሞ ውጤቱ ምን ያህል እንደሚሆን አፏን ሞልታ መናገር አልቻለችም። ንዴቷ በረድ ሲል «የልጅነት ፎቶዋን አምጡልኝ፤ ምልክቱ ከዕድሜዋ ጋር እንዴት እንደተለወጠ ልይ» አለች።

በአውቶብስ ወደ ከተማቸው ተመለሱ። ሱቁ እንደደረሱ አባት የልጅነት ፎቶዎቿ ያሉባቸውን ካርቶኖች ከመደርደሪያው አወረደ። ድክ ድክ ስትል፣ ዩኒፎርም ለብሳ፣ የምረቃ ጋዋን ደርባ። ልጅቷ አንድ በአንድ እያነሳች አየች። አንዱም ላይ ምልክቱ የለም። ሳይነኩ የቀሩ እንዳሉ ጠየቀችው። የሉም፣ ሁሉንም ጥሏቸዋል።

«አባዬ፣ ይሄን ያህል ያስጠላህ ነበር?»

«አስጠልቶኝ አያውቅም፣ ልጄ!» አላት። «ሰው እንዳያይብሽ ብዬ ነው እንጂ።»

«አንተም እኮ አላየኸኝም።»

እውነቷን ነው። እንባው ወረደ። ያንን ሁሉ ዓመት የጠበቃት መስሎት ነበር።

ልጅቷ ፎቶዎቹን ወደ ጎን ገፋ አደረገች። በርጩማው ላይ ሄዳ ተቀመጠችና ፀጉሯን ከግራ ጉንጯ ላይ ገለጠች።

«አንሳኝ» አለችው።

ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ አነሳት። ኮምፒውተሩን አልከፈተም፤ ፎቶውን እንዳለ ለሐኪሟ ላከው። ልጅቷ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ የራሷ ፊት ያለበት ፎቶ ሲኖራት ይህ የመጀመሪያዋ ነው።