ከንፈሬና ቀዩ ክር

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ፣ የደቡብ አፍሪካዋ የጆበርግ ብርድ ሊለቅ ሲል ነው። ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ። ታክሲ ውስጥ ከሆንኩ «ይቺ ሴትዮ ጤናም የላት» እንዳልባል ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ። ከሚያስቀው ሌላ ያሳፈረኝም ነገር ስላለ እሱንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ።

አልማዝ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ነው። እዚህ መሃል ከተማ ብርድ ልብስና መጋረጃ እሸጣለሁ፣ የምኖረው ሮዘተንቪል የሚባል ሰፈር ነው። ናኦሚ የምትባል አሥራ አራት ዓመት የሞላት ልጅ አለችኝ። አባቷ የሚሠራው ደርባን ስለሆነ ቤት ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን።

ሱቅ ያለው ሰው ያውቀዋል፤ ቅዳሜ ማለት የገበያ ቀን ነው። የልጄ ጉዳይ ደግሞ ተሰብስቦ ቅዳሜ ላይ ይውላል። የሩጫ ውድድሯ ቅዳሜ፣ የትምህርት ቤት ድራማዋ ቅዳሜ። «እመጣለሁ» እላታለሁ። ልወጣ ስል ደንበኛ ይገባል፣ መጋረጃ ያስወርደኛል፣ ያስለካኛል፣ በመጨረሻም «አስቤበት እመለሳለሁ» ብሎ ይሄዳል። እኔም እቀራለሁ። ከዚያ ኬክ ገዝቼ ነው ቤት የምገባው። በኬክ ብቻ ስንቴ ታርቀናል መሰላችሁ።

ፈረስ ወደ ኑሯችን የገባው በብርድ ልብስ ምክንያት ነው። አንድ ቀን ስልሳ ያለፋቸው፣ ሰፊ ባርኔጣ ያደረጉ የዙሉ ሴት ሱቄ መጥተው ወፍራም ብርድ ልብስ አሥራ ሁለት ፈለጉ። ልጆችዎ ብዙ ናቸው፣ እግዚአብሔር ያሳድግልዎ አልኳቸው። ለልጅ ሳይሆን ለፈረስ ነው ሲሉኝ ሁለታችንም ሳቃችን መጣ። ማ ታንዲ ይባላሉ፤ እዚህ ጠና ያለችን ሴት «ማ» ብሎ መጥራት ወግ ነው። ከከተማው በስተሰሜን እርሻ አላቸው፤ እዚያ ካውቦዮች በሚጋልቡበት ዘዴ ፈረስ መጋለብ ያስተምራሉ። ናኦሚ ያን ቀን ከኋላ ሆና ትሰማ ነበር። በሳምንቱ ተማሪያቸው ሆነች።

ትምህርቱ በደረጃ ነው። ደረጃ ላለፈ ሰው ባርኔጣው ላይ ክር ይታሰርለታል። ፈረሱን ቦርሾ፣ ኮርቻ ጭኖ መሳብ ለቻለ ነጭ ነው። ወጥቶ በእርምጃ ለሄደና ላቆመ ቢጫ፣ ለሶምሶማ አረንጓዴ፣ ለግልቢያ ቀይ። ብርዱ ሲያበቃ ደግሞ ወላጅና ልጅ አብረው በፈረስ ወደ ኮረብታው የሚወጡበት ቅዳሜ አለ። ሜዳ ላይ አንዱ ፈረስ ከሮጠ ሌላውም ስለሚከተል፣ ቀይ ክር የሌለው ሰው ወደዚያ አይወጣም።

ናኦሚ ቀዩን ባሰረች ማግስት አንቺም ተማሪና አብረን እንውጣ አለችኝ። እሺ፣ ቃሌ ነው አልኳት። ቃሌን ስሰጣት ፊቷ ላይ ምንም ለውጥ አላየሁም።

ስለዚህ ቅዳሜ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሱቄን መዝጋት ጀመርኩ። ጎረቤት ነጋዴዎች «አልማዝን ምን ነካት» ሲሉ ሰነበቱ። ፈረስ ግልቢያ ልማር ነው ስላቸው ደግሞ ባሰባቸው። አንዷማ ጸበል ግቢ ብላ መክራኛለች።

የተሰጠኝ ፈረስ ቢስኩት ይባላል። ዳማ፣ ሆዳም፣ ገር ፈረስ ነው። የመጀመሪያው ቀን እርካቡን ረግጬ መውጣት ስላቃተኝ ሁለት ሰው ከሥር ገፍቶኝ ነው የወጣሁት። ኮርቻው እንደ ሶፋ ሰፊ ነው፤ ከፊቱ ቀንድ የመሰለ ነገር አለው። እሱን በሁለት እጄ ጨምድጄ ስይዝ ማ ታንዲ፣ ያ የተሠራው ገመድ ለማሰር ነው እንጂ አንቺን ለማሰር አይደለም አሉኝ። የልጓሙን ዛብ በአንድ እጅ፣ ላላ አድርጎ መያዝ ነው ደንቡ። እኔ ደግሞ ላላ አድርጎ መያዝ የሚባል ነገር አላውቅም፤ በዚህ ከተማ ቦርሳ ይዤ ስሄድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያም ሆኖ ነጩን፣ ቢጫውንና አረንጓዴውን ክር አሰርኩ።

ቀዩ ላይ ግን ተቸነከርኩ። ቢስኩት የሚታዘዘው በድምፅ ነው። «ዎ» ሲሉት ቀጥ ይላል። ምላስ ሲያጮሁለት ሶምሶማ ይጀምራል። እንዲጋልብ ከተፈለገ ደግሞ ከንፈርን ሞጥሞጥ አድርጎ የመሳም ድምፅ ማሰማት ነው። ልጅ ያሳደግሁ ሴት በአደባባይ ፈረስ ልሳም እንዴ ብዬ እምቢ አልኩ። እሱ እንኳ ሰበብ ነበር። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው። ወድቄ ዳሌዬ ቢሰበር ሱቁን ማን ይከፍታል፣ ልጄን ማን ያያል እያልኩ ስድስት ቅዳሜ አለፈ።

ጉዞው አንድ ሳምንት ሲቀረው የመጨረሻው የትምህርት ቀን ደረሰ። ማ ታንዲ ከዛሬ ወዲያ ፈተና የለም ብለው ነገሩኝ። ናኦሚ አጥሩ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። ፈረሶቹ እስኪሟሟቁ በእርምጃ ዙሩ ተባልንና ከባባ ሲቶሌ ጋር ጎን ለጎን ሆንን። ባባ ሲቶሌ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ከእኔ ሌላ አረንጓዴ ላይ የቀሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

በዚህ ዕድሜ ምን አመጣዎት ብዬ ጠየቅኋቸው። ለካ ያስመዘገቧቸው ባለቤታቸው ናቸው። ጡረታ ወጥተህ ቤት ቁጭ ብለህ እንዳትጨቀጭቀኝ ብለው ነው አሉ። ታዲያ ትምህርቱ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሴትዮዋ አረፉ።

እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እኛ አገር ሰው እንዲህ ያለ ነገር እየነገረው ከንፈሩን የማይመጥ ሰው ልቡ ድንጋይ ነው ይባላል። እኔም ሳላስበው፣ ከአንጀቴ «እምጽ» አልኩ።

ቢስኩት ለካ ስድስት ቅዳሜ ሙሉ ይቺን ሲጠብቅ ኖሯል። ከሥሬ ተስፈንጥሮ ጋለበ። ባባ ሲቶሌ ከነሐዘናቸው ወደ ኋላ ቀሩ፣ ባርኔጣዬም በረረ። «ቁም! ቁም አንተ!» እለዋለሁ፤ አማርኛ ከየት አባቱ ይወቅ። የማውቃቸውን ታቦታት ሁሉ ጠራሁ። ቀንዱን ጨምድጄ አንድ ዙር ሙሉ ከዞርን በኋላ ናኦሚ ከአጥሩ ዘላ ወርዳ «እማዬ፣ ዎ በዪው» ስትል ነው የባነንኩት። «ዎ» አልኩ። ቀጥ አለ። ዳሌዬን ዳሰስኩት፣ ደህና ነው።

ማ ታንዲ ማን ጋልቢ አለሽ እያሉ መጡ። አዝኜ ነው አልኳቸው። አልገባቸውም። አገራችን ሰው ሲያዝን እንዲህ ነው የሚያደርገው ብዬ ላሳያቸው «እምጽ» ከማለቴ ቢስኩት እንደገና ተፈተለከ። አሁንስ ፈጥኜ «ዎ» አልኩት። ተመልሼ ስመጣ ማ ታንዲ መሬት ላይ ቁጭ ብለው፣ ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፍነው ይንፈቀፈቃሉ። ባባ ሲቶሌም እንባቸውን እየጠረጉ፣ ባለቤቴ ይሄን ሳታይ አሉ።

ሳቁ ሲበርድ ግን ማ ታንዲ ኮስተር ብለው፣ ቀይ ክር ለለቅሶ ደራሽ አይሰጥም አሉኝ። አስቤበት፣ ቀንዱን ሳልይዝ፣ ዛቡን አላልቼ አንድ ዙር መጋለብ አለብኝ። በድንገት የሆነውና አውቀው የሚገቡበት ነገር ለየቅል ነው። ይብቃኝ ልል አፌን ስከፍት ናኦሚ ቀረብ ብላ እግሬን ነካ አደረገችኝ።

«እማዬ፣ ከፈራሽ ተዪው» አለችኝ። «እኔ ለምጄዋለሁ።»

ተቆጥታ ብትናገረኝ ይሻለኝ ነበር። ልጅቷ ግን ልታጽናናኝ ነው ያለችው። ሩጫው፣ ድራማው፣ ኬኩ ሁሉ ባንዴ መጣብኝ። ሳልመጣላት ስቀር የማትከፋው ይቅር ስለምትለኝ ይመስለኝ ነበር። እሷ እቴ፣ እኔን መጠበቅ ትታ ኖሯል። እንዴት እንዳፈርኩ አልነግራችሁም። ፈሪ ለእናቱ ይባላል፤ ፈሪ እናት ግን ለልጇ ምኗ ናት?

እጄን ከቀንዱ ላይ አነሣሁ። ዛቡን አላላሁ። መሳሙን አሁንም አልቻልኩበትም። ዞሬ ልጄን አየኋትና ለእሷ ከንፈሬን መጠጥኩላት።

ቢስኩት ጋለበ። በዚህኛው አልጮህኩም። ልጅ አዝለው ሲያባብሉ እንደሚሉት ከፍ ዝቅ እያለ ይዞኝ ዞረ፤ ደስ የሚል ነገር ኖሯል ለካ። ዙሩን ጨርሼ «ዎ» ስል ናኦሚ እያጨበጨበች ታለቅስ ነበር። ቀዩን ክር ያሰረችልኝ ራሷ ናት። ሦስቴ ቋጠረችው።

በሳምንቱ ቅዳሜ ሱቄን ጭራሽ ሳልከፍት ዋልኩ። ልጄና እኔ በዚያ ቢጫ ሣር መሃል ጎን ለጎን ወደ ኮረብታው ወጣን። መንገዱን ሁሉ ስታወራኝ ነበር። ተጣልታ ስላስለቀሰቻት ጓደኛዋ፣ አባቷ ስለሚናፍቃት፣ ከዚህ በፊት አንዱንም ነግራኝ አታውቅም። የሚያሳዝነው ላይ ስትደርስ ቢስኩት እንዳይነሣብኝ ከንፈሬን ነክሼ ነው የሰማኋት። መቼም ልጄን እንደዚያ ዝም ብዬ ሰምቻት አላውቅም።

ባባ ሲቶሌ እስካሁን አረንጓዴ ላይ ናቸው፤ አልቸኩልም ይላሉ። እኔ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቄን ዘግቼ ከናኦሚ ጋር እጋልባለሁ፤ ደንበኞቼም ለምደውታል። ይህን ሳስብ ደስታዬ ወሰን የለውም። በሌላው ቀን ሱቅ ውስጥ ሰው ችግሩን ሲያጫውተኝ መቼም አመሌ ነውና «እምጽ» እላለሁ። ያኔ ናኦሚ ከመጋረጃዎቹ ኋላ ሆና «ዎ» ትለኛለች። እኔም ቀጥ እላለሁ።