አጎቴ ያነሳቸው ድንቢጦች

ልጅ ሳለሁ፣ ደብረ ብርሃን አካባቢ፣ ከቀየት ከተማ አጠገብ ባለው የድንጋይ ቤታችን፣ በጎቹ ገብተው በሩ ከተዘጋ በኋላ አያቴ አባባ ደምሴ ተረት ያወሩልን ነበር። የኩበቱ ጭስ ዓይን ያቃጥላል፤ የኩራዙ ብርሃን የእሳቸውን ጥላ ግድግዳው ላይ ያወዛውዘዋል፤ እኛ ልጆች ግን ፍሙ ዙሪያ ተጠጋግተን፣ ያኔ ከእሳቸው ድምፅ በቀር ሌላ የምንሰማው አልነበረም።

የአባባ የመጨረሻ ልጅ፣ አጎቴ ሽመልስ፣ ከተረቱም ከእሳቱም ርቆ መደብ ላይ ይቀመጥ ነበር። በደርግ ጊዜ ወታደር ሆኖ ሄዶ፣ መንግሥት ሲለወጥ በእግሩ የተመለሰ ሰው ነው። ከተመለሰ ወዲህ ከ«እሺ»ና ከ«አይ» ያለፈ ቃል እምብዛም አይወጣውም። ይዞት የመጣው አንዲት ትንሽ ካሜራ ነበር፤ በእሷ ድንቢጦችን ያነሳል። ካሜራዋ ሩቁን አቅርባ ስለማታሳይ፣ ወፎቹ እስኪለምዱት ካብ ሥር ተጋድሞ፣ የበግ ጠጉር ባናውን ተከናንቦ ግማሽ ቀን ይጠብቃል። ፊልም እንደ ልብ ስለማይገኝም በቀን ከአንዴ በላይ አያነሳም። ምሳውን ይዤለት ስሄድ በእጁ ብቻ ዝቅ እንድል ያመለክተኛል፤ እኔም ሣሩ ጉንጬን እየወጋኝ አብሬው እተኛለሁ።

አንድ ቀን የቀበሌው ሊቀ መንበር ሁለት ታጣቂዎች አስከትለው መጡ።

«የድሮ ወታደር ገደል ለገደል እየዞረ ምንድን ነው የሚያነሳው?» አሉ።

«ወፍ» አለ አጎቴ።

እርስ በርስ ተያዩ። ካሜራዋን ወሰዱ፤ ፊልሙ ደብረ ብርሃን ሄዶ ታጥቦ እስኪመጣ ድረስም ከቀበሌው እንዳይወጣ አዘዙት።

ሁለት ሳምንት ሙሉ አባባ ተረት አላወሩም። እናቴ፣ ድንገት ቢወስዱት ብላ፣ ቆሎ ቆልታ በከረጢት ቋጠረች። እኔም ውሻ በጮኸ ቁጥር እየባነንኩ ሌሊቱ ይነጋ ነበር።

ፎቶው መጣ ሲባል አባባ እጄን ይዘው ከአጎቴ ጋር ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄድን። ሊቀ መንበሩ ፖስታውን ከፍተው ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጓቸው። ድንጋይ፣ ሣር፣ ሰማይ። ደግሞ ድንጋይ። አንዱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ብዙ ካዩ በኋላ፣

«እሺ፣ ወፉ የታለ?» አሉ።

አላስቻለኝም፤ ሮጬ በጣቴ አሳየኋቸው። «ይቻትና! አያዩዋትም? ለጫጩቶቿ ትል ይዛ እኮ ነው!»

ከተልባ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ነጥብ ነበረች። ሊቀ መንበሩ አጎንብሰው አዩ፤ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ለዚች ነው እንዴ ግማሽ ቀን የምትጋደመው፣ አንተ ሰው?»

«ለእሷ ነው» አለ አጎቴ፣ እንደ ማፈር ብሎ።

ካሜራዋን መለሱለት። አባባ እዚያው በሩ ላይ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ፤ «ተመስገን፣ ተመስገን» አሉ ደጋግመው።

ያን ምሽት አባባ ድንቢጥ ከጭልፊት ያመለጠችበትን ተረት ጀመሩልን። የድንቢጧን ጩኸት በድምፃቸው ሲያስመስሉ፣ ከኋላችን «አባባ፣ እንደሱ አይደለም የምትጮኸው» የሚል ድምፅ መጣ። አጎቴ ከመደቡ ወርዶ እሳቱ ዳር ተቀመጠና በከንፈሩ አሰማን፤ ቀጭን፣ የሚንቀጠቀጥ ፉጨት። አባባ ዓይናቸውን ከፍሙ ሳያነሱ፣ «እስቲ እንግዲያው አንተው ጨርሰው» አሉት።

አጎቴ ተረት አዋቂ አልነበረም፤ መሐል ላይ ይደናቀፋል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ድንቢጧ በምን ዘዴ እንዳመለጠች ዛሬ ሰው ቢጠይቀኝ አላውቀውም። የእሱን ድምፅ እየሰማሁ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያለ ፍርሃት እንቅልፍ ወስዶኝ ነበርና።