ኮከብ የረበሸች ካንዴላ

ናፍጣ ይሉታል። እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ የሚጠራው ነው የጠፋ። ከሰማይ የሚመጣ የሬዲዮ ድምፅ የሚያዳምጥ፣ ፎቅ የሚያህል ዲሽ የቆመበት ግቢ ሹፌር ነው። ዲሹ ሲያዳምጥ እዚያ የሚነዳው የናፍጣ መኪና ብቻ ነው። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ የቤንዚን መኪና ካንዴላ ግን እሳት በጫረ ቁጥር ለዲሹ ጆሮው ሥር እንደ መጮህ ነዋ።

ታላቅ ወንድሙ ደግሞ ታክሲ ነጂ ነው፤ ያውም የቤንዚን። ከተኳረፉ ከርመዋል። በእህታቸው ሠርግ ቀን ናፍጣ «ይቺ መኪና መንገድ ላይ ትገትረናለች» ብሎ በአውቶቡስ ሄደ። መኪናዋም ተገተረች። ወንድምየው ስድቡን ይቅር ባለ ነበር፤ ልክ መሆኑን ግን በየትኛው አንጀቱ!

እህትየው ለምና ለምና፣ ወንድምየው ናፍጣ ቤት ለምሳ ልምጣ አለ። ናፍጣ እሑድን የመረጠው ዲሹ የሚያርፍበት ቀን ስለሆነ ነው፤ መኪናዋ ግቢው ውስጥ ካለው ቤቱ ደጃፍ ድረስ ትገባለች።

እሑድ ረፋዱ ላይ የዲሹ አለቃ፣ ዶክተሯ፣ እየሮጠች መጣች።

«ዲሹን እናዞራለን! ኬላው ይዘጋ!»

«ዛሬ? ደሞ ምን ተገኘ?»

«አንድ ኮከብ ጥቁር ጉድጓድ ተጠግቶ ተበጣጠሰ። ጉድጓዱ የዋጠውን ውጦ የቀረውን ከጎማ እንደሚወጣ ውሃ ቀጥ አድርጎ ይተፋዋል፤ የተተፋው በፍጥነት ብርሃንን ሊደርስበት ምንም አልቀረው! ደግሞ ወደኛ ነው የዞረው። እንዲህ ያለ የት ይገኛል?»

«መቼ ነው የተበጣጠሰው?»

«ከቢሊዮን ዓመታት በፊት።»

«ታዲያ ከምሳ በኋላ ብንሰማው ምን ይለናል?»

«ድምፁ እየደከመ ነው የሚሄደው!»

የኔስ ወንድም፣ አለ ናፍጣ፤ በሆዱ።

ኬላው ጋ ሲደርስ ዘበኛው ታክሲዋን ሞተር አስጠፍቶ አቁሟታል። ወንድምየው ፊቱ ጠቁሯል።

«ጋሼ፣ በጣም ይቅርታ፤ ዛሬ አትገባም። ካንዴላዋ ኮከቡን ትረብሻለች።»

«አሃ! ያኔ ትገተራለች አልክ፣ ዛሬ ደሞ ኮከብ ረበሸች! በል ሄድኩ።» ቁልፉን ያዘ።

«እንዳታስነሳ! እዚህ ማስነሳትም አይቻልም። በናፍጣው ፒክአፕ ጎትቼ ከዲሹ ከሚጋርደን ኮረብታ ጀርባ ላድርስህ።»

«እኔ? በናፍጣ ልጎተት? ሞቼ ነው! ግፋ።»

ገፋ። ወንድምየው መሪውን ይዞ በመስታወት ያየዋል፤ የናፍጣ ላብ ጫማው ውስጥ ይገባል፤ ምሳው ቤት ይቀዘቅዛል። የዚያን ኮከብ ዘር ማንዘር ረገመ። ከኮረብታው ጀርባ ሲደርሱ የጎን በር ተከፈተ።

«ግባ። ከተማ ወርደን አንድ ነገር እንቅመስ።»

ናፍጣ ጆሮውን አላመነም። ዘሎ ገባ። ወንድምየው ቁልፉን አዞረ። እህህህ፣ እህህህ፣ ጭጭ። ደገመ። ጭጭ።

ያቺ የሠርጉ ቀን ቃል ናፍጣ ጉሮሮ ላይ መጣች። ያ ጥቁር ጉድጓድ ያን ሁሉ ግዝፈት ተሸክሞ እንኳ የጎረሰውን ሁሉ ሳይተፋ መዋጥ አቅቶታል። ናፍጣ ግን ዋጣት።

«ተናገራ!» አለ ወንድምየው።

«ምን አልኩ ጋሼ?»

«ፊትህ ተናግሯል። ውረድና ግፋ።»