ፊት ማቅያው ካሜራ

ባለፈው እሑድ ከልጄ ከህሊና ጋር ዘንገና ሐይቅ ዳር ተቀምጠን ቆሎ እንቆረጥም ነበር። ስልኬን ተቀብላ ራሷን አነሳችና አሳየችኝ። አፍንጫዋ ቀጥኖ፣ ጉንጯ ነጥቶ፣ የማላውቃት ልጅ ሳቀችልኝ።

«ፊልተር ነው አባዬ፤ ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለች።

ደሜ ፈላ። ይህን ንዴት ከድሮ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ያኔ ገና ጎረምሳ ነበርኩ፤ ዳንግላ ውስጥ ሠርግ ከሚቀርጽ ቪዲዮ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ባለቤቱ ጋሽ ይርዳው ከባሕር ዳር ያስመጡት ትልቅ የትከሻ ካሜራ ነበረን። ብርሃኑን፣ ቀለሙን፣ የጥላውን ጥቁረት እንደ ፍላጎትህ አስተካክለህ በቁጥር ታስቀምጥበታለህ፤ ቁጥሩን ስትመርጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይቀየራል። አንደኛው ቁጥር የጋሽ ይርዳው ነው፤ «ማቅያው» ይሉታል። ብርሃኑን ሽቅብ ይሰቅላል፣ ቆዳውን ያለሰልሳል። የአካባቢው ሙሽሮች ሁሉ በእሱ ቀልተው የአንድ እናት ልጆች መስለው ይወጡ ነበር።

ሁለተኛውን እኔ ሠራሁት። ነጭ የለበሰ ጥቁር ሰው ለካሜራ ያስቸግራል፤ ለልብሱ ሲያደላ ፊቱ ይጨልማል፣ ለፊቱ ሲያደላ ጥልፉን ብርሃን ይበላዋል። ክረምቱን ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ጥሊሊ ገበያ እየሄድኩ ነጠላ የለበሱ ድንች ሻጮችን እያስፈቀድኩ እቀርጽ ነበር። ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ይሰጡኛል፤ ጣቴን ልሼ እንደገና ቁልፉን እነካካለሁ። በመጨረሻ ነጠላውም ፊቱም በዓይኔ እንደማየው ሆኑልኝ። ደስታዬን ለማን ልንገር!

ጥር ላይ አዲስ ቅዳም ከተማ ለሠርግ ሄድኩ። የሙሽራዋ አባት አያ በላይ ከሰል እያከሰሉ ልጆች ያሳደጉ ገበሬ ናቸው። እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

«ልጄ ሩቅ አገር ልትሄድብኝ ነው። በል እንዲህ እንዳለች አንሳልኝ፤ ስትናፍቀኝ የማየው እሱን ነው።»

«እንዳሉኝ አደርጋለሁ አባቴ።»

ሙሽራዋ ብርቄ ጠይም አይደለችም፤ ጥርት ያለች ጥቁር ናት። ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ስትሳሳቅ በሁለተኛው ቁጥር ቀረጽኳት። ወዲያው ጋሽ ይርዳው ከሚኒባስ ወርደው ገቡ። ካሜራውን ተቀብለው በማያ መስኮቱ አዩና ወደ አንደኛው ቁጥር መለሱት።

«ጋሼ፣ አባቷ እንዳለች አንሳት ብለውኛል እኮ!»

«ዝም በል! ከሰል አስመስለህ አውጣትና ስሜን አጥፋው!»

ይህን ያሉት ሙሽራዋ እየሰማች ነው። በሠርጓ ቀን አንገቷን ደፋች። ከዚያ በኋላ ካሜራውን አልሰጡኝም።

አያ በላይ ሲዲውን ሊወስዱ ሲመጡ ብርቄ ሄዳለች። ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀምጠን ከፈትንላቸው። በትራቸውን ይዘው ብዙ አዩ።

«ይቺ የማን ልጅ ናት?» አሉ።

«አማረች እኮ አባቴ!» አሉ ጋሽ ይርዳው እየሳቁ።

«መቼ አስጠላችኝ አልኩህ?»

ኮምፒውተር ላይ ልመልሳት ብዙ ታገልኩ። ብርሃን የበላው ፊት ግን አይመለስም፤ ብታጨልመው አመድ ይሆናል እንጂ ሰው አይሆንም። የተረፈችው ያቺ ከእናቷ ጎን የሳቀችው ብርቄ ብቻ ናት። እሷን ከፈትኩላቸው። አያ በላይ ከወንበራቸው ተነስተው ቀረቡ።

«እሷ ናት። ድገማት» አሉኝ። አለቀች፤ ደገምኳት።

እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ለመሆኑ የሰው ፊት ስሕተት ነው፣ ይታረም ያለው ማን ነው? አባት የወደደውን መልክ እንዲሽር ለባለ ካሜራ ሥልጣን የሰጠው ማን ነው? ጋሽ ይርዳው ካሜራውን ሸጠው ሌላ ሥራ ከገቡ ቆይተዋል፤ ማቅያው ግን ይኸው ኪሴ ውስጥ ገብቷል።

«አሁን እኔ ላንሳሽ» አልኳት ህሊናን። ፊልተሩን አጥፍቼ ሐይቁን ከኋላዋ አድርጌ አነሳኋት። ሰፊ ግንባር፣ ሙሉ ከንፈር፣ ያ ጥቁረት፤ ህሊና ሳትወለድ የሞተችው እናቴ ቁልጭ ብላ ታየችኝ። ልነግራት አፌን ስከፍት ስልኩን ከእጄ ወሰደችው።

«ውይ አባዬ፣ ጠቆርኩ!» አለችና ፎቶውን አጠፋችው።