ነጭ ጋዝ ለጠጣ ልጅ

በደርግ ጊዜ አሰበ ተፈሪ ጤና ረዳት ሆኜ ስሠራ እጅ እጅ የሚለኝ ቁስል አልነበረም። መግልም ትልም አይቻለሁ፤ እጄን ታጥቤ ምሳዬን እበላለሁ። የሚያንገሸግሸኝ ስብሰባ ነበር።

አንድ ዓመት ሕፃናትን ከአደጋ የመከላከል አገር አቀፍ ዘመቻ ታወጀና ከአዲስ አበባ አንድ ጥቅል ፖስተርና አንድ ቀጭን መምሪያ መጣልን። ፖስተሩ ላይ አንድ ጉንጫም ልጅ የትራፊክ መብራት አረንጓዴ እስኪሆን ቆሞ ይጠብቃል። እኛ ከተማ የትራፊክ መብራት በሕልምም አይታይ። ያለችን የሐረር መንገድ ናት፤ የጫት መኪና ደግሞ ለአህያም ለሰውም አይቆምም። ቢሆንም ፖስተሩን የክሊኒኩ ግድግዳ ላይ ለጠፍነው፤ የቀበሌው ሊቀ መንበር አጨበጨበ።

የእኛን ልጆች የሚፈጃቸው ሌላ ነበር። ነጭ ጋዝ በቀበሌው ሱቅ በወረፋ ይሸጣል። ሰው ሥራውን ፈትቶ ፀሐይ ላይ ስለማይቆም በራሱ ፈንታ ጠርሙሱን አሰልፎ ይሄዳል። ከሱቁ በር እስከ መስጊዱ ጥግ ድረስ የለስላሳ ጠርሙስ ተደርድሮ ይውላል፤ ክዳኑ የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። ግማሹ ካለፈው ሳምንት የተረፈ ጋዝ ከሥሩ አለው። ልጆች እዚያው ሰልፍ መሀል ይጫወታሉ። ልጅ የለስላሳ ጠርሙስ ካየ ለስላሳ ነው የሚመስለው።

ሊቀ መንበሩ ዘንድ ሄጄ፣ ጋዝ በቆርቆሮ ይሸጥ፣ ወረፋውም በድንጋይ ይያዝ አልኩት። ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ሰማኝ።

«ጓድ፣ የራሽኑ መስፈሪያ ጠርሙስ ነው። በቆርቆሮ ካልን ሕዝቡ ተሰረቅን ይላል። ይልቅ አንተ ትምህርቱን ስጥና ያስተማርከውን ሰው ብዛት አምጣልኝ።»

ስንጥሩን እግሬ ሥር ጣለው። ቀፈፈኝ። ግን ታዛዥ ነበርኩ፤ እሑድ ከስብሰባው በኋላ አዳራሹ ውስጥ ቆሜ መምሪያውን አነበብኩ። መርዛም ነገር ለጠጣ ልጅ ወተት ስጡት፣ ጣታችሁን ጉሮሮው ከታችሁ አስመልሱት ይላል። ሌላው ሰው ያንቀላፋል። መናኸሪያው አጠገብ ጫት የምትሸጥ አንዲት ሴት ብቻ ከፊት ተቀምጣ አፍ አፌን ታየኛለች።

«ጋዝም ቢሆን?» አለች።

ጋዝ የጠጣ ልጅ ማስመለስ እንደሌለበት፣ ሲመለስ ወደ ሳንባ እንደሚገባ ተምሬአለሁ። መምሪያው ግን ስለዚህ ምንም አይልም። ሊቀ መንበሩ ሰዓቱን ያያል፤ እኔም ርቦኛል።

«አዎ፣ ሁሉም ያው ነው» አልኳት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ ቀትር ላይ ያቺው ሴት የሦስት ዓመት ልጇን ታቅፋ ክሊኒክ ገባች። የልጅቷ ቀሚስ ጋዝና የረጋ ወተት ይሸታል። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«ወረፋ ላይ ካለው ጠርሙስ አንስታ ጠጣች፣ ዶክተር» አለችኝ። «ወላሂ አንተ እንዳልከው ነው ያደረግኩት። ወተት ሰጠኋት፣ ጣቴን ከተትኩ፣ ሦስት ጊዜ አስመለስኳት።»

ይህን ስትለኝ ፊቷ ላይ ተስፋ ነበር። የነበረንን መድኃኒት ሁሉ ሰጠናት። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ሞተች።

ለቅሶ ደረስኩ። ሊቀ መንበሩም መጥቶ ነበር፤ ስለ ዘመቻው አስፈላጊነት ለሐዘንተኛው ሊናገር ሲሞክር ሽማግሌዎቹ ዝም አሰኙት። በሆዴ ሰደብኩት። እሱን መስደብ ቀላል ነበር። እናትየዋ ከሴቶቹ መሀል ተነሥታ አጠገቤ መጣች።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሦስት ጊዜ አንሶ ነው እንዴ? አራተኛ ባስመልሳት ትድን ነበር?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ምላሴ ላይ መጥቶም ነበር።

«አይ፣ አላነሰም። አላህ ያለው ነው የሆነው» አልኳት። በአላህ ስም ተከልዬ ለራሴ አመለጥኩ፤ እኔ ደግሞ የመስጊድ ሰው እንኳ አይደለሁም። እስከ ዛሬ ድረስ የዚያ ቀን አፌን እጸየፈዋለሁ።

«አላህ ውለታህን ይክፈልህ» ብላ ጎንበስ አለችና እጄን ሳመችው። አልነጠቅኋትም።